ቦቃ ስትወልድ

ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴትዮ ፍየሏን በጉልበቶቿ መካከል አጣብቃ ተቀመጠችና፣ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ለሁለቱም ቦታ ለቀቅሁላቸው። ፍየሏ መንገዱን ሁሉ አንገቷን እየቆለመመች የገዛ ጎኗን ታያለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ሆዷ እም እም ትላለች። ያ የፍየል ጠጕርና የእርጥብ ድርቆሽ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ እጄ ሳላዘው ሄዶ የጅራቷን ሥር ዳሰሰ። "እናት ዓለም፣ ይችን ለምን ገዛሻት?" ብላት፣ ለክርስትና ድግስ ልታርዳት እንደሆነ ነገረችኝ። "በይ እንግዲያው ቢላዋሽን መልሰሽ ስቀይ፣ ዛሬ ሳይመሽ ትወልድልሻለች" አልኳት። ባጃጅ ነጂው ልጅ "ኧረ እማማ፣ እዚህ እንዳትወልድብኝ!" ብሎ ፍጥነቱን ጨመረ። ሴትዮዋ "በምን አወቁ?" እያለች እስክወርድ ድረስ ጨቀጨቀችኝ፤ እኔም መንገዱ ስላጠረብኝ ሳልመልስላት ወረድኩ።

ያወቅሁት ከአክስቴ ከጥሩወርቅ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ቤታችን ከይጁቤ ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከጀርባው ባሕር ዛፍ፣ ከፊቱ የጤፍ ማሳ ያለበት ሰፊ የሣር ቤት ነበር። አባቴ ገበሬ ይባል እንጂ ልቡ ከሞፈሩ ይልቅ ከሙግቱ ላይ ነበረ፤ የራሱ ክስ ያልቀረበ ቀን እንኳ የሰው ክስ ሊሰማ በጧት ተነስቶ ይሄድና፣ ማታ ሲመለስ የከሳሹንም የተከሳሹንም ቃል ድምፁን እየለዋወጠ፣ ጋቢውን እያጣፋ ለእናቴ ይደግምላታል። እናቴ ምስር እየለቀመች "እህ?" ትለዋለች፤ ማን እንደረታ ግን አንድም ቀን አስታውሳ አታውቅም።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በልጅነቷ ተድራ፣ ከባሏ ጋር ብዙ ዓመት ኖራ፣ ልጅ ስላልወለደች ፈታት። በአገራችን ባልና ሚስት ሲፋቱ ሽማግሌ ገብቶ ንብረቱን እኩል ያካፍላል፤ ያ ሰው ግን ተንኮለኛ ነበርና፣ የፍየሎቹ ድርሻ ሲደርስ፣ ኖራ ኖራ አንድም ጊዜ ወልዳ የማታውቀውን፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ቦቃን እየጎተተ አመጣና "መካኗ ለመካኗ ትድረሳት" አለ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ አሉ። አክስቴ ግን ገመዱን ተቀብላ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ፣ ፍየሏን እየሳበች ወደ ወንድሟ ቤት መጣች።

ለእኔ ያ ቀን በዓል ነበር። እናቴ ታናናሾቼን ስታባብል ለእኔ የሚተርፍ እጅ አልነበራትም፤ አክስቴ ግን ራሴን ትሠራኛለች፣ መደብ ላይ አብራኝ ትተኛለች፣ ስሜን ትታ "እናና" ትለኛለች። እኔም እታለም እላታለሁ። ሳቋ ከጓሮ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር፤ ሰው "ፈት ሆና እንዲህ ትስቃለች" ብሎ ቢያማት፣ ያንኑ ሐሜት ራሷ እያወራች ትስቅበታለች። አልፎ አልፎ ብቻ፣ እናቴ ሕፃኑን ስታጠባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለስ ስታደርግ አይቻታለሁ።

ዓመት ሳይሞላት ሽማግሌ መጣባት። ከአምበር ወዲያ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የልጆች አባት የሆነ፣ ስማቸው የሚባል ሰው ነው የላካቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ግራዝማች አየነው ነበሩ፤ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ አንድ ቃል ተናግረው ሌላውን እስኪያወጡ ጠላው የሚጠጣ ትልቅ ሰው ናቸው። አባቴ ደስ አለው፤ በሱ ቢሆን በዚያው ቀን ይጨርስ ነበር። ግን ፈት ሴት እንደ ልጃገረድ በወንድም ፈቃድ ብቻ አትዳርም፣ መልሱን ከአፏ መስማት ግድ ነው። ጠሯት። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመችና "ክብረት ይስጥልኝ አባቶቼ። ቦቃ ስትወልድ መልሴን እሰጣለሁ" አለች።

ቦቃ መካን መሆኗን የማያውቅ በአካባቢው አልነበረም። ይህ ማለት ሽማግሌ ሳያዋርዱ፣ እንቢ ሳይሉ እንቢ ማለት ነው። አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የአባቴ ጆሮ ቀላ። ግራዝማች ብቻ ከልባቸው ይዘውት "ቃል ነው?" ብለው ጠየቋት፤ "ቃል ነው" አለች። ተነስተው ሄዱ።

የእግዜር ነገር! ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ ቦቃ ከጎረቤታችን ወጠጤ ጋር ከረመችና፣ ታኅሣሥ ላይ ሆዷ ወደ ጎን ወጣ ወጣ አለ። እናቴ ይህን ስታይ ምስሯን አቁማ "እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የዚያ ቤት ወጠጤ ነበር እኮ" አለች፤ ስለ ፍየል ብቻ እየተናገረች እንዳልሆነ ለእኔ ለልጅቷም ገባኝ። አክስቴ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ወረደች።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሁለት ወገን ሆነ። አባቴ "አርግዛለች" ይላል፤ አክስቴ "ነፍቷት ነው" ትላለች። ለይምሰል ብላ ጤና አዳም ወቅጣ በኑግ ዘይት ታጠጣት ጀመር፤ ቦቃ እያሰነጠሳት ጠጣችው፣ ሆዷ ግን አልጎደለም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ድንገት ሁሉም መንገዳቸው በደጃችን ሆነ፤ ቤት ለእንግዳ ሲባሉ ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ ፍየሏ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሰው ጤና የሚጠይቁት። አባቴ ለጠላው ጌሾ ሲያሰጣ ያየችው እናቴ "ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ!" ብላ ስታፌዝበት፣ እሱ ሙግት እንደረታ ሰው ጺሙን ይዳብሳል።

ለእኔ ብቻ ነው አክስቴ እውነቱን የምትነግረኝ። ከሰዓት በኋላ ሰው ከቤት ሲበተን እጄን ይዛ ወደ በረቱ ትወስደኝና "ሆዷን አትመኚ፣ ሆድ ይዋሻል" እያለች ታሳየኛለች። መጀመሪያ ግቷ ይሞላል፤ ጡቷ ጢም ብሎ ቆዳው እስኪያብለጨልጭ ሲወጠር ቀኑ ቀርቧል። ሽንጧ ጉድጓድ ሲያወጣ፣ ሆዷ ዝቅ ሲል፣ ልጁ መንገድ ጀምሯል። ከሁሉም ከሁሉም ግን የጅራቷ ሥር ነው ዋናው፤ ግራና ቀኝ እንደ ክራር ክር የከረሩ ሁለት ጅማቶች አሉ፣ እነሱን በጣት ፈልገሽ ያጣሽ ቀን ያን ቀን ከቤት አትውጪ። በጣቴ ላይ ጣቷን ጭና ጅማቶቹን ታስይዘኛለች። "አሉ?" ትለኛለች። "አሉ እታለም" ስላት ትንፋሿን ትለቃለች። እኔም አብሬያት እለቃለሁ፤ ጅማቶቹ የጠፉ ቀን እሷን እንደማጣ አውቅ ነበርና በየቀኑ ይክረሩልኝ ብዬ ማርያምን እለምን ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ። ግራዝማች ፊት የወጣ ቃል መሆኑን፣ ቤተ ዘመዱ በማን እንደሚስቅ ሲያትት ቆየና፣ እንደ ልማዱ በተረት ሊቋጭ ብሎ "ከተናገሩት ከሚጠፋ፣ የወለዱት ይጥፋ!" አለ። እናቴ እጇን ከወጡ ላይ አነሳች። አክስቴ ግን አልተቆጣችም፤ ጉርሻዋን ዋጠችና "እሱን የወለደ ይበለው እንጂ አያ። እኔ ያለችኝ ቃሌ ብቻ ናት፣ እሷን አላጠፋም" አለችው። አባቴ ከምሳው ተነስቶ ደጅ ወጣና አጥሩን ሳይጎድልበት ሲጠግን ዋለ።

ቦቃ የወለደችው እሑድ ቀን ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴ ሰንበቴ ላይ ቀረ፤ እኛ ቤት ስንደርስ ቦቃ ከሌሎቹ ተለይታ ከጎተራው ጥግ መሬቱን በፊት እግሯ ትጭራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ዞራ ጎኗን ታያለች። አክስቴ እጇን ከጅራቷ ሥር አሳረፈች። እኔንም ዳስሺ አላለችኝም፤ ፊቷን አይቼ አወቅሁት።

እናቴ ድርቆሽ ጎዘጎዘች። እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ፈሳሽ ወረደ፣ ቀጥሎ እንሽርቱ ፈሰሰ፣ ከዚያ ቦቃ ጥርሷን እያፋጨች ማማጥ ጀመረች። አንድ ኮቴ ታየ፤ ሌላው የለም። "እግሩን አጥፎታል" አለች አክስቴ። እጇን ቅቤ ተቀብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምጡ ፋታ ሲሰጥ ቀስ እያለች የታጠፈችውን እግር ፈልጋ አቃናቻት። ግልገሉ ሾልኮ ወጣ። ዝም አለ። አፍንጫውን ጠርጋ፣ በጆሮው እፍ ብላ፣ በድርቆሽ ደረቱን ስታሸው ቆየችና ድንገት ሜ! ሲል፣ እናቴ ለሰው እንደሚባለው እልል ብላ አቀለጠችው። ከኋላ ሌላም ሴት ግልገል ተከተለች። ቦቃ ዞራ ሁለቱንም ትልስ ጀመር፣ የማታውቀውን ሥራ ማንም ሳያሳያት።

አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለች የፍየሏን ግንባር ይዛ "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እናት" እያለች አለቀሰች። ሰው ለአራስ የሚለውን ለፍየል ስትል መሳቅ አማረኝ፤ ግን ለራሷ ማንም ብሏት የማያውቀውን ቃል ነው የምትሰጣት። እናቴ ቀስ ብላ "ወንድምሽ እስኪመጣ ማን ያውቃል? ጥቂት ቀን ደብቀን ማሰቢያ እናግኝልሽ" አለቻት። አክስቴ ተነሳች። እጇን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደች፤ እኔም እያለከለክሁ ተከተልኳት።

ሰንበቴው ከዋርካው ጥላ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን እንደያዙ ቀና ቢሉ፣ ቀሚሷ የወላድ ደም የነካው ሴት ፊታቸው ቆማለች። እጅ ነሳችና "ወልዳለች" አለች። አባቴ ወገቡን አስተካከለ። ግራዝማች "መልስሽስ ልጄ?" ሲሏት፣ "እሺ ነው። ግን ዋስ እፈልጋለሁ" አለች።

አባቴ ዋስ የሚለውን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የከብት ነው፣ የመሬት ነው ብሎ ሊዘረዝር ሲል በእጇ አስቆመችው። "የንብረቱን እናንተ ተነጋገሩ። እኔ በምገባበት ቤት መካን የሚል ቃል እንዳይነሳ ነው ዋስ የምፈልገው፤ በሰውም ላይ፣ በከብትም ላይ፣ ፍሬ ባልሰጠ ዛፍም ላይ።" ከወዲያ አንዱ ሳቀ። ግራዝማች ግን ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሽማግሌ ለሴት ልጅ ሲነሳ ያኔ ነው ያየሁት። "ዋስ ነኝ። ያ ቃል ከዚያ ቤት ቢሰማ ከኔ ይጠየቅ" አሉ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ሙግት ወዳዱ አባቴ፣ በሸማው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ከፋሲካ በኋላ ሄደች። በበቅሎ አስቀምጠዋት፣ ቦቃና ግልገሎቿ ከኋላ ሲከተሉ፣ አጥሩን ይዤ አለቀስሁ፤ ዞር ብላ "እናና፣ አታልቅሺ፣ እጅሽ ሁሉን ያውቃል" አለችኝ። እጄ ምንም ቢያውቅ መደቡ ሰፍቶኝ፣ በረቱ ቀዝቅዞኝ ከረምኩ።

እዚያም ልጅ አልወለደችም። የባሏን የስማቸውን ልጆች ግን አሳደገች፣ ዳረች። አንድ ጊዜ የዚያ ቤት አራሽ ላሟ ጽንስ አልይዝ ብትለው ያን ቃል አውጥቶ ሰደባት፤ ወሬው ግራዝማች ዘንድ ሲደርስ እኒያ የሸመገሉ ሰው በበቅሎ ተጉዘው፣ ደጁ ላይ ተቀምጠው፣ እህል አልቀምስም ብለው፣ አራሹ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እስኪል አልተነሱም። አገሩ ሁሉ ለላም ሽምግልና ተቀመጡ ብሎ ሳቀ። ቃሉ ግን ከዚያ ቤት ዳግመኛ አልተሰማም። አክስቴን ስንቀብራት እነዚያ ልጆች "እናቴ፣ እናቴ" እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ፣ የእንጀራ ልጆች መሆናቸውን ለማያውቅ ለቀስተኛ መንገር የደፈረ አልነበረም።

ሁሉም አለፉ። ዘንድሮ የመጨረሻዋን ልጄን፣ አግብታ ዓመታት ሳይወለድላት የቆየችውን፣ አማቷ በድግስ መካከል ያን ቃል ጣለችባት። እኔም እንደምንም ተነስቼ፣ ከተማው የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች ደጅ ጠናሁ። ደህና አድርገው ተቀበሉኝ፣ ለስላሳ አቀረቡልኝ፣ ነገሬን ጨርሼ ስነግራቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። "እማማ፣ ስለ ንብረት ከሆነ ውል እናጽፍልዎ። ለሰው ምላስ ደግሞ ማን ዋስ ይሆናል?" አሉኝ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረ የነገራቸው የለም።

ልጄ ከደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። "ምን አሉሽ እማዬ?" ስትለኝ ክንዷን ይዤ "ዋሱ እኔ ነኝ" አልኳት። እሷም አቀፈችኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት አሮጊት ብቻዋን ለስንት አፍ ዋስ ትሆናለች?