ላልሞተ ሰው የተለበሰ የሐዘን ነጠላ

በጥር ወር ከአዲስ አበባ የወጣሁት የሴቶች አለባበስ ያለፈውን ዘመን እንዴት እንደሚናገር ለማጥናት ነው። በሴቶች ትምህርት ቤት ባልትና አስተምራለሁ። የተወለድሁት በቡሬ አቅራቢያ ስለሆነ አገሩን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ለካ የማውቀው የወጣሁበትን መንገድ ብቻ ኖሯል።

ፍኖተ ሰላም

አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ አሳደረን። በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ገበያው ቆሞ ነበር። እናቶች ረጅም ቀሚስ በመቀነት ታጥቀዋል፤ የተማሪ ቤት ልጃገረዶች ግን ጉርድ ቀሚስ ለብሰዋል።

“ናይለን ከመጣ ወዲህ እንዝርት የምትይዝ ልጅ ጠፋች” አሉኝ ጥጥ ሻጯ። ሟች እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል በዓይነ ሕሊናዬ ታየችኝና እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ዋጋው ያስለቀሰኝ መስሏቸው አንድ እፍኝ ጥጥ ጨመሩልኝ።

ከቡሬ ወዲያ

መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ እያስነጠሰን ቡሬ ገባን። ከዚያ በበቅሎ ወደ መንደራችን ሄድሁ። የእናቴ ባልንጀራ እማማ ውዴ ተቀበሉኝ፤ እርጎና ቆሎም ቀረበልኝ። ቤቱ የሠርግ ጥድፊያ ላይ ነበር፤ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ብርቄ በሦስተኛው ቀን ትዳራለች። እማማ ውዴ ግን ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ትከሻቸው አውጥተዋል። ባላቸው በጣሊያን ጊዜ እንደ ወጡ መቅረታቸውን አውቅ ስለነበር፣ “የባልዎን ነፍስ ይማር” አልሁ።

“ማን ሞተና ነው የሚማረው?” አሉኝ፣ ኮስተር ብለው።

አፍሬ አቀረቀርሁ። ከዚያ ነገሩን አጫወቱኝ።

“ባሎቻችን ሸፍተው በረሃ ገቡ። ባንዳ እየመጣ ‘የት አሉ?’ ይለናል። ሴቶቹ መከርንና ሞተዋል አልን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ፊታችንን ነጭተን ተላቀስን። እናትሽም አብራን አልቅሳለች። ጣሊያን ሲወጣ ባሎች ገቡ፤ ሚስቶችም ነጠላቸውን መለሱ።”

ከገቡት አንዱ አባቴ ነበር። የእማማ ውዴ ባል ግን አልገቡም።

“የእኔ ሐዘን የውሸት ነው ልጄ። ውሸት እስከሆነ እሱ አለ። ሐዘኑ የሚያልቅለት የሞተ ሰው ነው፤ እሱ ሳይገባ ነጠላዬን ብመልስ ሞቷል ማለቴ ነው።”

ይህን ስሰማ በአባቴ መትረፍ አፈርሁ፤ የማይታፈርበት ነገር መሆኑን እያወቅሁ።

ችግሩ፣ በአገሩ ልማድ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሙሽራ አይመርቅም። ዘመዶች ሌላ መራቂ ፈለጉ። ብርቄ ግን አንገቷን ደፍታ፣ “እማማ ካልመረቁኝ ከዚህ ቤት አልወጣም” አለች።

የሠርጉ ዕለት

ሚዜዎቹ ደጅ ላይ እየዘፈኑ ሙሽራዋ ጉልበት ለመሳም ተጠራች። እማማ ውዴ ከጓዳ ወጡ። ነጠላቸውን መልሰዋል፤ ቀዩ ጥለት እግራቸው ላይ ወርዷል። “ውለጂ፣ ክበጂ፣ ከባልሽ ጋር አርጂ” ብለው መረቋት፤ እስክትወጣም ፈገግ እንዳሉ ቆዩ።

የሙሽራዋ በቅሎ ዳገቱን ስታልፍ ወደ ውስጥ ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ። ያኔ በውሸት አብረዋቸው ያለቀሱት አሮጊቶች አንድ በአንድ እየመጡ ከጎናቸው ተቀመጡ። ከዚያ ተላቀሱ፤ አሁን የእውነት ነበር።

አዲስ አበባ

ጉዞው ያስተማረኝ፣ ልብስ፣ የሆነውን ነገር ብቻ ሳይሆን ሴት ልጅ ‘አልሆነም’ ብላ እምቢ ያለችውንም እንደሚናገር ነው። ሰኞ ተማሪዎቼ ነጠላ በሐዘንና በደስታ እንዴት እንደሚለበስ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። የሐዘኑን ሳልቸገር አሳየሁ። የደስታውን ላሳይ ጥለቱን ወደ ታች ስመልሰው ግን እንባዬ ቀደመኝ።