የሆላንድኛው ተራ

የእስር ቤቱ ክፍል በር ከኋላዬ ሲዘጋ የጠበቅኩት ዝምታ ነበር፤ የሰማሁት ግን ጭብጨባ ነው። ክፍሉ ላብና በረኪና ይሸታል። አንድ ቀጭን ሰው መሀል ቆሞ «ስላፕ–ካ–መር» ሲል፣ ግድግዳ የተደገፉ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ።

«በሆላንድኛ መኝታ ክፍል ማለት ነው» አለኝ አጠገቤ ያለው። እግር መዘርጊያ እንኳ አልነበረንም።

የክፍሉ ደንብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በየተራው የሚያውቀውን ያስተምራል። የቀጭኑ ሰውዬ ሚስት ሆላንድ ናት። እሷ ጋ ለመሄድ ኤምባሲ ቀርቦ የቋንቋ ፈተና ማለፍ ነበረበት፤ ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው ታሰረ። መጽሐፉን ወስደውበታል። እኛን የሚያስተምረው ራሱ እንዳይረሳው ነበር። ረጅሙን ቃል መጀመሪያ ሁለት ቃላት የተጣበቁበት ላይ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ጭብጨባ በሚያህል ቁራጭ ይከፍለዋል። ጓንትን «የእጅ ጫማ» ነው የሚሉት ሲለን «ታዲያ ካልሲውስ?» ብዬ አሾፍኩበት። እውነቱን ለመናገር ያናድደኝ ነበር። ለእኔ ሆላንድኛ ምን ያደርግልኛል?

አንድ ቀን ከምርመራ ተመልሶ፣ ተራው ሲደርስ አልተነሣም።

«በቃኝ» አለ። «ከዚህ ላልወጣ ለምን እለፋለሁ?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ተነሣሁና ትዝ ያሉኝን ቃላት እየቆራረጥኩ ማጨብጨብ ጀመርኩ። አንድ ሁለት እያሉ ሌሎቹም ተከተሉኝ፤ ጭብጨባው ከወትሮው በርትቶ ግቢው ድረስ ተሰማ።

በሩ ተበረገደ። «ማነው የሚያስጨበጭበው?» አለ ጠባቂው።

«እኔ ነኝ።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ ተንበረከክሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልተጸጸትኩም። ስመለስ ቀጭኑ ሰውዬ ቆሟል። የደማ ጉልበቴን አየት አደረገና «ሁለተኛውን ቃል ተሳስተሃል፤ ተቀመጥ፣ እንደገና እንጀምራለን» አለኝ።

እኔ ቀድሜው ተፈታሁ። አሁን ሳን ሆዜ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ እኖራለሁ። በቅርቡ ኦክላንድ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከእኔ በኋላ እዚያው ክፍል ታስሮ እንደነበር በጨዋታ መሀል ነገረኝ።

«የሆላንድኛው ሰውዬ ነበረ?» አልኩት።

«እንዴ፣ ታውቀዋለህ እንዴ? ቀድሞኝ ነው የወጣው።»

«ኤግዛሙን ፓስ አደረገ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ ብሮ።» ሳቅ አለና በጣቱ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ መታ። «ስፖር–ወኽ–ስታ–ሾን። ባቡር ጣቢያ።»

ቃሉን አላውቀውም። እኔ ስወጣ ገና አልደረስንበትም ነበር።