እግር የሌለው መደርደሪያ

የተጋዘ እንጨት ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረው የመጀመሪያ ቤታችን ሳሎን ይመጣብኛል፤ አባቴ ቅንድቡ ድረስ ሰጋቱራ ለብሶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «አሁን ገና መልክ ያዘ!» ሲል ይታየኛል። መልክ ያልያዘውን ሁሉ ነበር እንዲህ የሚለው።

እዚያ ቤት የገባነው በበረዶ ወራት ነበር። ከዚያ በፊት እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ተከራይተን ስንኖር ግድግዳ መብሳት ክልክል ስለነበረ፣ አያቴ እናቴን ስትሸኛት የሰጠቻት ሥዕለ ማርያም ፍሪጅ አናት ላይ ተደግፋ ትኖር ነበር፣ ፍሪጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም እናቴ ሮጣ ትይዛት ነበር። የራሳችን ግድግዳ ሲኖረን እናቴ የተመኘችው ትልቅ ባለመስታወት ቡፌ ነው። አባቴ ግን ታክሲው ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ቪዲዮ ሲያይ ይውል ነበርና ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ፣ እግርም ድጋፍም የማይታይበት፣ ከሥሩ መብራት ያለው መደርደሪያ በገዛ እጁ ሊሠራ።

«እግር የሌለው ነገር በምን ይቆማል?» አለች እናቴ።

«ግድግዳው ይሸከመዋላ! ማርያምንም እሱ ላይ እናስቀምጣታለን።»

«እሷንስ አላስነካህም።»

አባቴ በመከር ወራት እኛ ቤት ለሚውለው የማርያም ማኅበር እንደሚያደርሰው ቃል ገባ፣ እናቴም እስከዚያ ቡፌ ላትገዛ ተስማማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ያቺን ሥዕል በራሷ እጅ እሱ በሠራው መደርደሪያ ላይ እንድታስቀምጥለት።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ሲያብቡ ሥራው ተጀመረ። ያገሩ ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ብሎን የሚይዘውም ከውስጥ የቆሙት እንጨቶች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አባቴ እነሱን ፍለጋ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ይለጥፍ ነበር። ቤታችን ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበርና አንድ ቅዳሜ ሲያንኳኳ ከወዲያ በኩል ተንኳኳለት። አባቴ ደንግጦ ሲያፈገፍግ ወንበር አደናቅፎት ቁጭ አለ፣ እናቴም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በማግስቱ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ የእንጨቱን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

በጋውን ሙሉ ጓሯችን የአናጢ ሠፈር መሰለ። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ ከጌይተርስበርግ እየመጣ፣ ከማገዝ ይልቅ አስተያየት ይሰጥ ነበር። ጣውላው አልቆ ሊሰቀል ሲል ግን አልገባ አለ፤ ለካስ አባቴ ሳሎኑን የለካው ከወለሉ አጠገብ ኖሯል፣ ግድግዳው ደግሞ ወደ ላይ ጠበብ ይል ነበር።

«ፈርሞ ወስዶታል ቤቱን፣ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ግን ቼክ አላደረገም» አለ ጋሽ ታደሰ። አባቴ ለአንድ ሳምንት አላናገረውም።

ቅጠሉ ቀይ ሲሆን ጣውላው ከዳሩ ተቆርጦ መደርደሪያው ተሰቀለ። በስተግራ ትንሽ ዘንበል ማለቱን ታናሽ ወንድሜ «ዳዲ፣ ኢትስ ክሩክድ» ብሎ ቢናገርም የሰማው አልነበረም። አባቴ ጥንካሬውን ለማሳየት ቤት የነበረውን የጤፍ ዱቄት ከነከረጢቱ ዳር እስከ ዳር ደረደረበት፣ ጤፉም ፍንክች ሳይል አደረ። እናቴ ጠዋት መጥታ ከሥር ዳሰሰችው።

«ጤፍ ቢወድቅ ይጠረጋል» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ማለት ለእሷ የተባለ ነው።

በማኅበሩ ቀን ሥዕለ ማርያም ከመደርደሪያው ሥር በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቴ ለመሳቅ ቢሞክርም ፊቱ እንዳዘነ ያስታውቅ ነበር፣ እኔንም አንጀቴን በላኝ። እንግዶቹ ገብተው፣ በዕድሜ ትልቋ እማማ አስካለ ለመሳለም ጎንበስ ሲሉ፣ ማንም ሳይነካው የመደርደሪያው መብራት ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ።

«እልልልል!» አሉ እማማ አስካለ። «ቦታዬ ከላይ ነው እያለች ነው እኮ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እናቴ አባቴን አየችው። ዝም ቢል ኖሮ የፈለገው ሁሉ በሞላለት ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሴንሰር ነው። ሰው ሲጠጋው እንዲበራ ጠዋት እኔ ነኝ ያገናኘሁት።»

«ይሁና! ሴንሰሩንስ ማን አዘዘው?» አሉ እማማ፣ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ።

እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሥዕሏን በሁለት እጇ አንስታ፣ መደርደሪያው መሀል ላይ አስቀመጠቻት፤ እጇን ሳታርቅ ለአፍታ ቆየች፣ ከዚያ ለቀቀቻት። ማታ ሳህን ስናጥብ ለምን ሐሳቧን እንደለወጠች ጠየቅኋት።

«አባትሽ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ አላስቀምጣትም ነበር» አለችኝ።

አሁን አሌክሳንድሪያ የራሴ ቤት አለኝ። እኔም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ መደርደሪያ አሠርቻለሁ፤ ሠራተኞች መጥተው በአንድ ጠዋት ሰቅለውት ሄዱ፣ መብራቱ በስልኬ ይታዘዛል፣ ከአባቴም ሥራ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። የሰቀሉትን ሰዎች ግን ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የምሳሳለትን ዕቃ ሁሉ ዛሬም ቁም ሣጥን ውስጥ የማስቀምጠው።