አምበሉ የደፋው ውሃ

አምበላችን የማቀብለውን ውሃ እንደማይጠጣ ያወቅሁት ከዓለም በር በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ነው።

የአምስት ቀን የብስክሌት ውድድር ነበር። ከባሕር ዳር ተነስቶ ጎንደር ይገባል፤ በሁለተኛው ቀን እዚያው ጎንደር ከተማን ይዞራል፤ በሦስተኛው በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ይወጣል፤ በአራተኛው ቀን እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ይመለሳል፤ በመጨረሻው ቀን ባሕር ዳር ላይ ያልቃል። የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ የለበሰው የኛ ክለብ አምበል ነበር፤ የኔ ሥራ ደግሞ እሱን ማገልገል። ፊቱ ሆኜ ነፋስ እከላከልለታለሁ። ጎማው ቢተነፍስ የራሴን አውልቄ እሰጠዋለሁ። ውሃ ሲያልቅበት ወደ ኋላ ቀርቼ ከክለባችን ፒክአፕ ኮዳ እቀበላለሁ፤ ማሊያዬ ውስጥ ሸጉጬ፣ ጋላቢውን ሁሉ እያለፍሁ ተመልሼ አደርስለታለሁ። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁሉም ለራሱ የሚሮጥ ይመስለዋል። ብስክሌት እንጀራችን የሆነው ሰዎች ግን አብዛኞቻችን ደመወዝ የሚከፈለን ሌላ ሰው እንዲያሸንፍ ነው።

በዚያ ዳገት ላይ ኮዳውን አቀበልሁት። ወደ አፉ አስጠጋው፤ አንገቱንም ቀና አደረገ፤ ጉሮሮው ግን አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ እንደሄድን እጁን ወደ ታች ለቀቀ። ከኋላ ጎማው ጎን አስፋልቱ ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ተዘረጋ። ውሃውን ደፋው። ከዚያ ሰው የሚያየው መሆን አለመሆኑን ግራ ቀኝ ቃኘና ከጀርባ ኪሱ ትንሽ ነጭ ኮዳ አወጣ። ከሱ ሁለት ጊዜ ተጎነጨ፤ መልሶም ኪሱ ከተተው።

እኔ ትንሽ ኋላው ስለነበርሁ አላየኝም።

በዚያ ዓመት በየክለቡ የሚወራው ስለ ተከለከለ መድኃኒት ነበር። እገሌ መርፌ ይወጋል፣ እገሌ ዱቄት ይበጠብጣል ይባላል። አምበላችን ዕድሜው ገፍቷል፤ ያን ዓመት ግን ከወጣትነቱ ይልቅ ፈጥኗል። ስለዚህ ነጩን ኮዳ ሳይ ሌላ ምንም አላሰብሁም። «አሃ፣ ነገሩ ይኼ ነው» አልሁ በልቤ።

እሱም እኔን ይጠረጥረኝ እንደነበር ያኔ አላወቅሁም። ዛሬ ወደ ኋላ ሳስበው ምልክቱ ከጎንደር ጀምሮ ነበር። ጎንደር በገባንበት ቀን፣ አሰልጣኛችን ጠዋት ‹እዚህ ጋ ድንገት ፈጥናችሁ አምልጡ› ብሎ ሹክ ያለን ቦታ ላይ፣ እኛ ሳንነሳ በፊት ተቀናቃኞቻችን ተፈትልከው ሄዱ። ማታ እራት ላይ አሰልጣኙ ሁላችንንም በየተራ እያየ፣ «ከመካከላችን አንድ ሰው አፉን አይዘጋም» አለ። አምበሉ ዓይኑን የጣለው እኔ ላይ ነው።

«ደብረ ታቦር ያንተ አገር ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ተቀናቃኞቻችን እዚያ የሚያርፉበት ሆቴል የዘመድህ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«የአክስቴ ልጅ እዚያ ሒሳብ ትይዛለች እንጂ ሆቴሉስ የሌላ ሰው ነው።»

«አሃ» አለ። ያ «አሃ» እራቴን አስጠላኝ።

ደብረ ታቦር ስንገባ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ነበር። የሚጠራው ግን የአምበሉን ስም አይደለም፣ የኔን ነው። አብረውኝ የተማሩ፣ ገበያ የሚያውቁኝ፣ በሩቅ የሚዛመዱኝ ሁሉ ወጥተዋል። እኔ ዳገቱን ሙሉ ነፋስ ስከላከል ውዬ፣ ጉልበቴ አልቆ፣ ከኋላ ነው የደረስሁት። እነሱ ግን አንደኛ የወጣሁ ያህል እልል አሉ። አምበሉ ሦስተኛ ወጥቶ ማሊያውን አላስነካም። ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ «የሠርግ ቤት አስመሰልኸው እኮ» አለኝ። ፈገግ ብሏል፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ አባቴ እኛ ያረፍንበት ሆቴል ድረስ መጣ። ገበሬ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴና ገብስ ያርሳል። አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለቡድኑ በሙሉ ብሎ ተሸክሞ መጥቷል። አሰልጣኙ ግቢው ውስጥ በአክብሮት ተቀበለው፤ ዳቦውን ግን አልተቀበለም።

«አባት፣ በጣም እናመሰግናለን። ግን ስፖርተኞቹ ከውጭ የመጣ ምግብ አይፈቀድላቸውም።»

«ከውጭ አይደለም ጌታው፣ ከቤት ነው» አለ አባቴ። «እህቱ ዛሬ ጠዋት የጋገረችው ነው። ባይሆን እርስዎ ይቅመሱለት።»

አሰልጣኙ መልስ ሲፈልግ፣ አምበሉ ከፎቁ በረንዳ ላይ፣ «አንድም ሰው እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። ዳቦውን በር ላይ ለነበረው ዘበኛ ሰጥቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ። እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ይፈሩሃል እንዴ?»

«ኧረ አባዬ፣ ደንብ ነው። በሁሉም ቡድን እንዲሁ ነው። አይቀየሙ።»

«ደንቡንስ እሺ። ያ ቢጫ የለበሰው ልጅ የሚያይህ ዓይን ግን ደንብ አይደለም» አለኝና ሄደ።

ወደ ውስጥ ስመለስ እልህ ይዞኝ ነበር። አምበሉ ክፍሉን ከኔ ጋር አልጋራም ብሎ አስቀይሯል፤ ቦርሳው ላይም ቁልፍ አንጠልጥሏል። ሰው የሚደብቀው ነገር ከሌለው ቦርሳውን ምን ያስቆልፈዋል? ለአሰልጣኙ ልንገረው ብዬ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። ያየሁት ነጭ ኮዳ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለውን አላየሁም። አገሬ ላይ ቆሜ አምበሌን ከሰስሁ ማለት ደግሞ ‹ለአገሩ ሰው እንጂ ለኛ አያደላም› ብለው የሚያስቡትን በራሴ አፍ ማረጋገጥ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ነፋስ መውጫ ተነሳን። ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። ጉና በቀኛችን ጉም ለብሷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የድንችና የገብስ ማሳ ጤዛ ተሸክሟል። ውሃ አመላለስሁ፤ እሱም እንደ ልማዱ ተቀበለኝ። ዞር ባልሁ ቁጥር እንደሚደፋው አውቃለሁ፤ እያወቅሁ አመላልስለታለሁ። እንደዚያ ቀን የተናደድሁበት ጊዜ የለም።

ነፋስ መውጫ ደርሰን ስንመለስ ከገሳይ በፊት ያለው ዳገት ላይ ፊቱ አመድ መሰለ። ተቀናቃኞቻችን አንዴ ዞር ብለው አይተውት ማርሽ ቀይረው ተፈተለኩ። እሱ እንኳን ሊከተላቸው ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ አቃተው። ከመንገዱ ዳር ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አስታወከው። አብሬው ወረድሁ።

«ነጩን ኮዳ አምጣ» አልሁት።

ደንግጦ አየኝ። «የቱን?»

«ኪስህ ያለውን። ትናንት አይቼሃለሁ።»

መከራከሪያ ጉልበት አልነበረውም። ከኪሱ አውጥቼ ከፈትሁት፤ አሸተትሁት፤ በምላሴም ቀመስሁት። ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ውሃ ነው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ውሃ።»

«ምን ያለበት ውሃ?»

«ምንም የሌለበት። ከሆቴሉ ቧንቧ የቀዳሁት።» እንደገና አስታወከውና አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ከጎንደር ጀምሮ የራሴን ነው የምቀዳው።»

«ለምን?»

«አንተን ስላላመንሁህ።»

እንዲህ ብሎ በቀጥታ ነገረኝ። መናደድ ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ከተማችን ውስጥ ያኔ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ ሆቴሎቹ ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ሮቶ ያጠራቅሙታል፤ ሮቶውን ማን መቼ እንዳጠበው ደግሞ የሚያውቅ የለም። «እኛ እዚህ ተወልደን እንኳ ከሮቶ አንጠጣም!» አልሁት። አልሳቀም። እኔም ሳቄን ተውሁት።

ፒክአፑ ደርሶ አሰልጣኙ ዘሎ ወረደ። ወደ አምበሉ አልሄደም፤ ወደኔ ነው የመጣው።

«ምን አጠጣኸው?»

አምበሉን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ነጩ ኮዳ ከእጄ ተመልሶ እሱ ኪስ ገብቷል። «እሱ ይንገርህ» አልሁ። እሱ ቀና አላለም። አሰልጣኙ ብስክሌቴ ላይ የነበሩትን ሁለት ኮዳዎች ነቅሎ ፌስታል ውስጥ ከተተና ቋጠራቸው። «ከሱ አጠገብ እንዳትንቀሳቀስ። እስኪገባ ድረስ አብረህ ትሄዳለህ» አለኝ።

አብሬው ሄድሁ። ጀርባውን በእጄ እየገፋሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ እየጠበቅሁት፣ ደብረ ታቦር ከሁሉም ኋላ ገባን። ትናንት እልል ያለው ሕዝብ ምን እንደሆንን ስላልገባው በዝምታ አየን። ቢጫው ማሊያ ወደ ሌላ ሰው ሄደ፤ አምበሉን ወደ ሆስፒታል ወሰዱት።

ሆቴሉ ግቢ ውስጥ አሰልጣኙ ጠራኝ።

«ነገ አትወዳደርም። ነገሩ እስኪጣራ ቁጥርህን አስረክብ።»

«ራሱን ጠይቀው አልሁህ እኮ።»

«ወደ ሆስፒታል ስንወስደው መኪና ውስጥ ጠየቅሁት። ‹የጠጣሁት እሱ የሰጠኝን ብቻ ነው› አለኝ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አላመንሁህም ያለኝ ሰው፣ መኪና ውስጥ ገብቶ ይህን አለ። ያኔ ጥርጣሬዬ ሁሉ እንደገና ተነሳ። ውሃው ውስጥ በእርግጥ ሌላ ነገር ኖሮበት ይሆን? ምላሴ ያልለየው ነገር? ባይኖርበት ለምን ይዋሻል? አልጋ ላይ ጋደም ብዬ የጎንደሩንም ነገር አነሳሁ፤ ምሥጢራችንን ለተቀናቃኞቹ ያወጣው ራሱ ቢሆንስ ብዬም አሰብሁ። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ መቆሚያ የለውም።

አባቴ ወሬውን ገበያ ሰምቶ ኖሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። የተሰማው ልጁ ሰው መረዘ ተብሎ ነው። ተቆጥቶ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን፣ «ልጁ የተኛበትን አሳየኝ፣ ልጠይቀው» አለኝ።

«ማንን?»

«የታመመውን ነዋ። እናቱ ሩቅ አገር ናት። የሚጠይቀው ዘመድ የለውም።»

አብረን ሄድን። አሰልጣኙ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ። አምበሉ ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶለታል። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እግዜር ይማርህ ልጄ። እንዴት ነህ አሁን?»

«ደኅና ነኝ።»

«ሆድህ ቆረጠህ?»

«ትንሽ።»

«ይለቅሃል። አገራችን ላይ ስለታመምህ አዝነናል» አለ አባቴ። ስለ ዳቦው አላነሳም። ስለ እኔም አላነሳም። ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ በኛ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው እንደዚህ ነው። አምበሉ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ቆይቶ ተመለሰ።

«አባቴ፣ ልጅዎ ምንም አላደረገኝም» አለ። «ከጎንደር ወዲህ የሰጠኝን ውሃ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠጣሁም። ደፍቼዋለሁ። የጠጣሁት ራሴ ከሆቴሉ የቀዳሁትን ነው።»

አሰልጣኙ፣ «ታዲያ ምነው እንደዚያ አልኸኝ?» ብሎ ጮኸ።

«ራሴ የምቀዳውን ውሃ ደብቄ እጠጣለሁ ብልህ ምን ልትለኝ ነበር? ስለኔ የሚወራውን ታውቀዋለህ። ‹በል ምን በጥብጠህበት ነው?› ነበር የምትለኝ። ማን ያምነኛል?»

ማንም እንደማያምነው እኔ እመሰክራለሁ። ቀድሜ ያላመንሁት እኔ ነኝ፤ ያን ግን እዚያ አልተናገርሁም። ሐኪሙ ቆይቶ ሲገባ ያው የሆድ ኢንፌክሽን መሆኑን ነገረን፤ ከዚያው ሆቴል ሌሎች ሁለት እንግዶችም በዚሁ ሕመም መጥተዋል። አሰልጣኙ ወደኔ ዞሮ፣ «ነገ ትወዳደራለህ» አለ። ይቅርታ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

በማግስቱ የማገለግለው ሰው አልነበረኝም። አምበሉ ሆስፒታል ቀርቷል። የዓለም በርን ቁልቁለት ፍሬን ሳልነካ ወረድሁት፤ ከወረታ በኋላ ከሌሎች ሦስት ጋላቢዎች ጋር ከቀሩት ተነጥለን ወጥተን ባሕር ዳር ድረስ ማንም አልያዘንም። ሁለተኛ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ለራሴ ተወዳድሬ ስለማላውቅ፣ መስመሩን ካለፍሁ በኋላ እንኳ ኋላዬን ዞር ብዬ ሰው እጠብቅ ነበር።

የጎንደሩን ምሥጢር ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰው ሳይናገር ተቀናቃኞቻችን ራሳቸው ገምተውት ይሆናል፤ ቦታው ለብስክሌተኛ ግልጽ ነው። በክለቡ ውስጥ ግን ነገሩ አልሞተም። ገበታ ላይ ስቀርብ ወሬ ይቋረጥ ነበር፤ አሰልጣኙም ዕቅዱን ለኔ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይነግረኝ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ውሌን ሳላድስ ወጣሁ።

አምበሉ ብስክሌት አቁሞ አሁን የጥገና ሱቅ አለው። ለፋሲካ ይደውልልኛል፤ ስለ ልጆቻችን እናወራለን። አንድ ቀን፣ «እኔን ግን መጀመሪያ ምን አስጠረጠረህ?» አልሁት። ትንሽ አሰበና፣ «ውሃ ስታቀብለኝ ፈገግ ትል ነበር» አለኝ። ውድድሩ ወደ አገሬ ስለሚወስደኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር ነገርሁት። «እንግዲህ ያኔ አላወቅሁም» አለ፤ ከዚያ ወሬውን ቀይሮ በእኛ በኩል ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ።