ከኮርኒሱ በላይ የነበሩት መዘምራን

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አናጢ ነው። ሰፈሩ ጋሽ ኳኳ ይለዋል፤ እንጨት ሳያንኳኳ አይነካማ። በር ይሁን አልጋ፣ ቁም ሳጥን ይሁን የወንበር እግር፣ መጀመሪያ በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል። ከዚያ "ይሄ ነቅዟል" ወይም "ይሄ ውስጡ ጤነኛ ነው" ይላል። ሲሳሳት አላየሁም። አንድ ቀን ግንባሬን አንኳኩቶ "ባዶ ነው" አለ። እህቱ እስከ ዛሬ ትጠቅሰዋለች።

ሌላም አመል አለው፤ የመታውን ምስማር አይነቅልም። የሚነቅል አናጢ ሲመታ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር ባይ ነው። ጉጠቱ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ዝጎ ተቀምጧል፤ ለወጉ ያህል ነው የያዘው።

ሚስቱ ዘማሪ ነበረች። ድምጿ ቀጭን ሆኖ ግድግዳ የሚያልፍ ዓይነት። እሱ ከወንዶቹ መሐል ቆሞ፣ እንደ ወፍራም ገመድ በሚጎተት ድምፅ ከታች ይከተላታል። ሁለቱ ሲዘምሩ እኔ እንኳ አላንቀላፋም ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ሞተች። ሳጥኗን ሌላ ሰው እንዲሠራ አልፈቀደም። ራሱ ለካ፣ ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ ላገ። ከቤት ልትወጣ ስትል ክዳኑን ገጥሞ የመጨረሻውን ምስማር መታና፣ እጁ ለምዶበት፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ጆሮውንም ሰጠ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። እህቱ መጥታ እጁን ይዛ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ አልዘመረም። እሑድ እሑድ አይቀርም፤ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ሲነሳ ይነሳል፣ አፉን ግን አይከፍትም። ሰባኪው አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣

"ጋሼ፣ ምነው ዝም አልክ? ከእግዚአብሔር ተጣላህ?" አለው።

"አልተጣላንም። አንኳኩቼ ነበር፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው" አለ።

ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያናችን ታደሰ። ግድግዳው ተቀባ፣ ኮርኒሱ ተቀየረ። የቀረችው ከፊት በኩል፣ ከሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንበር በላይ ያለች አንዲት ክፍተት ነበረች። ድንቢጦች ቀድመው ይዘዋታል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ወፎቹ ኮቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጥለውበታል።

"እሑድ የምርቃቱ እንግዶች ይመጣሉ። ከቅዳሜ እንዳያልፍ ትደፈን" አለ።

"እነሱ እኮ እሑድ እሑድ እንደ ብዙዎቻችን አይቀሩም" አልኩት።

"እንግዲያው አንተን እናስወጣና እነሱን እንመዝግብ?"

ቶሎ ወጥቼ ሄድኩ፤ ሐሳቡን የሚደግፍ ሰው እንዳይገኝ ፈርቼ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ኳኳ መሰላሉን ወጣ፤ እኔ ከታች ያዝኩለት። በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ጆሮውን አስጠጋ። ጭጭ።

"ባዶ ነው" አለና ለክፍተቷ የቆረጠውን ኮምፔርሳቶ ገጥሞ ምስማሩን መታ።

ዕቃችንን ይዘን ስንወጣ ሁለት ድንቢጦች የመብራት ሽቦው ላይ ሆነው ይንጫጫሉ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ምን ሆነዋል?"

"ቤት አጡ። ሌላ ይሠራሉ" አለኝ። ቀና ብሎም አላያቸው።

እሑድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሰብሳቢው አዲስ ኮት ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ እንግዶቹ አጠገቡ ናቸው። መዘምራኑ ተነሱ። መዝሙሩ ፍጥረትን ሁሉ በስም እየጠራ ኑና ፈጣሪያችሁን አመስግኑ የሚል ነው፤ ፀሐይና ጨረቃ፣ ባሕርና ተራራ፣ በረዶ፣ ነፋስ፣ የሚሳበውም የሚበረውም። ሁላችንም ተቀበልን። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ትንፋሽ ስንወስድ ከላይ ጭው፣ ጭው አለ።

ሁለተኛውን ስንጀምር ድምፁ ጨመረ። አንዳንዱ ቀና ማለት ጀመረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ጥሩ ተቀበሉ" ብላ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። መዝሙሩ ሲያልቅ እነሱም ዝም አሉ።

ዞሬ ጋሽ ኳኳን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ከተቀመጠበት ተነስቶ በመሐል መተላለፊያው ቀጥ ብሎ መጣ፤ አጠገቤ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣

"ጫጩቶቹ ሳንኳኳ ፈርተው ነው ዝም ያሉት" አለኝ። "መሰላሉን አምጣልኝ።"

ሰብሳቢው ብድግ አለ። "ምን ልታደርግ ነው?"

"ምስማር ልነቅል።"

"አሁን? እንግዳ ፊት? ስብከቱ ይለቅ እንጂ።"

"ከትናንት ጀምሮ አልበሉም።"

"ወፎች እኮ ናቸው፣ ሰውዬ።"

"አሁን በመዝሙር ጠራናቸው አይደል?" አለ ጋሽ ኳኳ፣ ድምፁን ሳያነሳ። "ሰምተው መልሰዋል። በር የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።"

እኔም መሰላሉን ይዤ ገባሁ።

ወጥቶ ጆሮውን ኮርኒሱ ላይ ለጠፈ። ምንም የለም። ቦታ ለወጠ፤ አሁንም የለም። ጫጩቶቹ ከጎጇቸው ወጥተው ወደ ውስጥ ሄደዋል። እንዳያንኳኳ ይፈራሉ፤ በግምት እንዳይነቅል ከነኮምፔርሳቶው ይወድቃሉ። እዚያው እንደቆመ ወደ ሕዝቡ ዞረ። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ያን ቀን መጀመሪያው ነው።

"እባካችሁ ዘምሩልኝ። የት ጋ እንዳሉ ልወቅ።"

ሰባኪው ራሱ ጀመረ። ሁላችንም ተቀበልን፤ እንግዶቹም ጭምር፣ ግማሹ ፈገግ ብሎ፣ ግማሹ እያለቀሰ። ፀሐይን ጠራን፣ ጨረቃን ጠራን። የሚበረው ጋ ስንደርስ ከግራ በኩል ጭው አለ። ጋሽ ኳኳ የዛገውን ጉጠት አወጣ። አንዱን ምስማር ነቀለ፤ ሁለተኛውን ነቀለ። መሰላሉን አጥብቄ ይዤ ቀና ስል ሌላ እጅ አጠገቤ አየሁ፤ ሰብሳቢው ነው፣ በአዲሱ ኮቱ።

ኮምፔርሳቶው ዝቅ ሲል ጭድና አቧራ ራሳችን ላይ ፈሰሰ። አራት ነበሩ። አንዷ ሞታለች። እሷን በሸሚዙ የደረት ኪስ ከተታት። ሦስቱን በመዳፉ ሰብስቦ ወደ ጎጇቸው መለሰ። ብዙም ሳይቆይ አንዷ ድንቢጥ በመስኮት ገባች፤ በአፏ አንድ ነገር ይዛ በሕዝቡ ራስ ላይ አልፋ፣ በጋሽ ኳኳ ጆሮ ሥር ሽው ብላ ክፍተቷ ውስጥ ገባች።

እሷን ስናይ መዝሙሩን ሁላችንም ረሳነው። ከመሰላሉ ጫፍ ግን እንደ ወፍራም ገመድ የሚጎተት ድምፅ ብቻውን ቀጠለ። ዓይኑን ጨፍኗል፤ አንድ እጁ ኪሱ ላይ ነው። የሚስቱን ቦታ ባዶ ትቶ፣ ከታች ይከተልበት የነበረውን ዜማ ብቻ ነበር የሚዘምረው። ከላይ ያሉት ሦስቱ እየተቀበሉት እስከ መጨረሻው ወሰደው። ሰብሳቢው መሰላሉን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ክፍተቷ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሳትደፈን ቆየች። ሰብሳቢው ወንበሩን አንድ ክንድ ወደ ግራ አስጠጋ እንጂ ስለ ኮቱ ዳግም አላነሳም።

ጋሽ ኳኳ አሁንም ያንኳኳል። ባዶ ነው ብሎ ምስማር ከመምታቱ በፊት ግን አፉን ወደ እንጨቱ አስጠግቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ይዘምርና ይጠብቃል።