የአማቷ ቋንቋ

ኦርኔላ በስሎቬንያ ድንበር አጠገብ ባለችው የጣልያን ከተማ በትሪየስቴ፣ ሳን ጃኮሞ ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሴቶች ፀጉር ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ደንበኞቿ «ምላሷ ከመቀሷ ይፈጥናል» ይሏታል። የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ባል ወገቡን እንዳመመው፣ እሷ ጋ የማይደርስ ወሬ የለም። እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት እንግዲህ በገዛ ቤቷ የምትናገረው የጠፋት።

የባሏ አባት ድራጎ ወደብ ላይ ሲጭኑና ሲያወርዱ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ኅዳር ላይ፣ ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ እጃቸውና እግራቸው ዝለው ነበር፤ የባሰው ግን ጣልያንኛው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት፣ የተጣሉበት፣ ሚስት ያገቡበት ቋንቋ ድራሹ ጠፋ። የቀራቸው ከከተማው በላይ ባለችው መንደር በልጅነታቸው የተናገሩት ስሎቬንኛ ብቻ ነው። ሐኪሟ «አንዳንዴ እንዲህ ያጋጥማል፤ ታገሡ» አለች።

ሽማግሌው አንድ ነገር ይላሉ፤ ኦርኔላ ትራስ ታመጣለች። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሾርባ ታቀርባለች። መስኮት ትከፍታለች፤ ቦራ የሚሉት ኃይለኛ ነፋስ መጋረጃውን እያንገላታ ይገባል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

«አንተ እኮ ልጃቸው ነህ!» አለችው ባሏን ሊቪዮን። «አንዲት ቃል እንኳ አታውቅም?»

ሊቪዮ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ተቀምጧል። «መቼ አስተማረኝ? ከአክስቴ ጋር ሲያወራ እንኳ እኔ ስገባ ዝም ይል ነበር። አሁን በምን አፌ ላናግረው?» ብሎ ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሄደ። ቧንቧውን ከፍቶ ብዙ ቆየ። ኦርኔላ አልተከተለችውም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዞርካ የሚባሉ ስሎቬን የሆኑ ጡረተኛ አስተማሪ አሉ። «የምታሰጪው ልብስ አበባዬ ላይ ይንጠባጠባል» በሚል ጠብ ከኦርኔላ ጋር ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ኦርኔላ ሦስት ቀን አመነታች። በአራተኛው ኩራቷን ዋጥ አድርጋ በራቸውን አንኳኳች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልታንጠባጥቢብኝ መጣሽ?»

«ስሎቬንኛ እንዲያስተምሩኝ ነው።»

ዞርካ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ስንት ዘመን አንድ ደረጃ ወጥተን ስንወርድ፣ 'ደህና አደርሽ'ን እንኳ በቋንቋዬ ብለሽኝ አታውቂ። አሁን ነው ያማረሽ?»

«አባባ የሚለምኑኝ ውኃ ይሁን ትራስ አላውቅም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ብቻቸውን ቀሩ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ ቦታው መለሱ። ከዚያ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱት። «ግቢ። ጫማሽን ጥረጊ።»

ከዚያ ወዲያ ኦርኔላ የደንበኞቿን ፀጉር እያጠበች ቃል ታነበንብ ጀመር። ዞርካም ጨካኝ አስተማሪ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ወደ ላይ እየወጡ በሽማግሌው ፊት ይፈትኗታል። በሦስተኛው ቅዳሜ ኦርኔላ ብርጭቆ ይዛ ቀረበች። «ዤይኒ» ብላ ጠምቷቸው እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት፤ «ዤኒን?» ብላ አረፈችው።

ድራጎ አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አንድ ነገርም መለሱላት፤ ዞርካ ወንበር ይዘው እስኪንገዳገዱ ሳቁ።

«'ሙሽራው እርስዎ ነዎት?' እኮ ነው ያልሻቸው! እሳቸውም 'ሙሽሪት ቆንጆ ከሆነች ሱፌን አምጪልኝ' አሉ።»

ሊቪዮ ከሥራ ሲመለስ ሳቁን ከደረጃው ሰማ። ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ኦርኔላ እጁን ጎትታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። «'ኦቼ' በላቸው። 'አባቴ' ማለት ነው።»

«ኦቼ» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ።

ሽማግሌው ሳቃቸውን አቆሙ። በደህናው እጃቸው የልጃቸውን እጅጌ ጨምድደው ረጅም ነገር ተናገሩ። ዞርካ በቀስታ ተረጎሙ፦ «'ትምህርት ቤት በዚህ ቋንቋ ስናገር በጥፊ ይመቱኝ ነበር። አንተን ማንም እንዳይመታህ ብዬ ነው እንጂ ነፍጌህ አይደለም' ነው የሚሉህ።»

ሊቪዮ ወደ ዞርካ ዞረ። «ዛሬ የሚመታኝ ቢኖር እርስዎ ነዎት። ከዛሬ ጀምሮ 'አስተምረኝ' ብሏል በሉልኝ።»

መጋቢት ሲገባ የድራጎ እግር በረታ፤ ጣልያንኛውም ቁርጥራጩ ተመለሰ። ቤት ውስጥ ግን ማንም አልፈለገው። ስሎቬንኛ ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚሆን የተለየ አነጋገር አለው፤ ለአንድም ለብዙም አይሆንም። ስትማር ኦርኔላን ከሁሉ ያስለቀሳት እሱ ነበር። አንድ እሑድ ረፋድ አባትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ከላይ ሆና ጮኸች፦

«ካም ግሬስታ?» ሁለታችሁ ወዴት ናችሁ ማለቷ ነው።

«ወደ ባሕሩ!» አሉ ድራጎ በራሳቸው ቋንቋ።

ዞርካ ስሕተት ሊያርሙ በራቸውን ከፍተው ብቅ ብለው ነበር። ጥቂት አሰቡ፤ የሚያርሙት አጡ፤ ኮታቸውን አንሥተው አባትና ልጁን ተከተሉ።