ለአራዊት ጥናት የተገዙት መነጽሮች

የምሥራች የካርቶኑን አድራሻ ደግማ አነበበች። ሲያትል ውስጥ የተራራ መውጫና የካምፕ ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት መጋዘን ዕቃ ማሸግ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ዕቃ ሲገጥማት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በጨለማ የሚያሳዩ አሥራ ሁለት መነጽሮች ናቸው። ተቀባዩ «የዱር አራዊት ጥናት ክፍል፣ አዲስ አበባ» ይላል፤ ከሥሩ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለ።

ቁጥሩን ታውቀዋለች። ከአገር ከመውጣቷ በፊት በአንድ የጦር ክፍል ንብረት ክፍል ታይፒስት ሆና አራት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው ራስጌ ስትመታው ኖራለች። እዚያ ግቢ አራዊት የሚያጠና ሰው አይታ አታውቅም። ከማሸጊያው ጠረጴዛ በላይ ደግሞ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ወደ ውጭ አገር ጦር ሠራዊት የሚሄድ ዕቃ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይላክም፣ የተጠራጠረ ለኃላፊው ይንገር ይላል።

የላኪውን ስም ስታይ ክው አለች። ጋሽ ዘመድኩን! ቤልቪው የሚሠሩት መሐንዲስ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ እሷ አዲስ የመጣች ጊዜ ኤርፖርት ተቀብለው ኮት ያለበሷት ሰው።

ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1986 ነው። ማን የደርግ ጆሮ ጠቢ እንደሆነ ስለማይታወቅ የከተማው ሐበሻ ሲያወራ እንኳ ግራ ቀኙን እያየ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ዘመድኩን አገር ቤት ስለቀረው ወንድሟ አንስተው «ወንድምሽ አሁን የት ክፍለ ሀገር ነው ያለው?» ብለው እንደጠየቋት ትዝ አላት። ያኔ ደግነት መስሏት ነበር።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ሥር ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ድረስ ሄደች።

«ጋሼ፣ መነጽሮቹን የሚረከበው ማነው?»

ፈገግታቸው ጠፋ። «አንቺ እዚያ ነው እንዴ የምትሠሪው? ጫማ ቤት መስሎኝ።»

«የፖስታ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። እኔው ነበርኩ ታይፕ የማደርገው።»

ዙሪያቸውን ቃኙና የመኪናውን በር ከፈቱላት። «ግቢ።»

«እዚሁ ይንገሩኝ።»

«ታናሽ ወንድሜ ዓምደ ሚካኤል ከታሰረ አምስት ዓመቱ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ኮሎኔል እነዚህን ከላክህ አስፈታዋለሁ አለኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የምሥራች ግን እንባውንም አላመነችም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ የታሰረ ወንድም አለኝ ብለው ያውቃሉ? አንድም ቀን።

«ነገ ለአለቃዬ እነግራለሁ» አለች። «ዝም ብል እኔም እጠየቃለሁ። ሶ፣ ጠዋት ራስዎ ደውለው ኦርደሩን ካንስል ያድርጉት።»

«ስሜንም ትነግሪያለሽ?»

«ስምዎ ካርቶኑ ላይ አለ፣ ጋሼ።»

ሰኞ ረፋዱ ላይ አለቃዋ ባርባራ ብቅ አለች። ደንበኛው ሐሳቡን ስለቀየረ ዕቃው ወደ መደርደሪያው ይመለስ አለች፤ ከዚያ ካርቶኑ ለምን ጠረጴዛ ሥር እንደተቀመጠ ጠየቀቻት። የምሥራች የቁጥሩን ነገር ነገረቻት። የዓምደ ሚካኤልን ነገር ግን ዋጠችው።

ባርባራ አሳውቃ ኖሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት የአሜሪካ መንግሥት ሰዎች ጋሽ ዘመድኩንን ቢሯቸው ሄደው ጠየቋቸው። ዕቃው ስላልተላከ አስጠንቅቀዋቸው ሄዱ። ወሬው ግን ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ጆሮ ጠቢ የተባለችውም የምሥራች ሆነች። እናኑ የምትባል የመዘምራን ጓደኛዋ እንኳ አጠገቧ መቆም ተወች።

በዓመቱ ዓምደ ሚካኤል ሲያትል ገባ። ከሲታ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው። ጋሽ ዘመድኩን ክንዱን ይዘው መድረክ ላይ ሲያወጡት ጉባኤው እልል አለ። የምሥራችም አጨበጨበች፤ መታሰሩስ እውነት ነበር። እያጨበጨበች ግን ምን ተልኮ፣ በማን በኩል ተልኮ ነው የተፈታው ትል ነበር በልቧ። ጋሽ ዘመድኩን ከመድረኩ ላይ ሆነው አዩዋት፤ ወዲያው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አነሡ።